የወንድሜን ጫማ ያጠብኩ ዕለት

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ከደብረ ብርሃን ሲመጣ የያዘው ነገር ትንሽ ነበር፤ አንድ የጀርባ ቦርሳ፣ እናታችን የላከችው አንድ ፌስታል በሶ እና አንድ ጥንድ የሩጫ ጫማ። ጫማውን ቦርሳ ውስጥ አልከተተውም። ሁለቱን በክራቸው አያይዞ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏቸው ነው ከመኪናው የወረደው። «ቦርሳ ውስጥ ይጨማደድብኛል» አለኝ። እኔ በልቤ «ምነው ገጠሬ መሰልክ» አልኩት። እኔም እኮ እዚያው ነው ያደግኩት።

ልጁ 19 ዓመቱ ነው፤ ሯጭ ነው። ማለቴ ሯጭ ለመሆን እየሞከረ ነው። የዚያን ሳምንት እሑድ፣ ሰንዳፋ መንገድ ላይ አንድ ክለብ አዲስ ልጆች የሚመርጥበት የ10 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ነበረው። ጫማውን የገዛው ውጭ ሀገር እየሄደ ከሚሮጥ አንድ አትሌት ላይ ነው። ያገለገለ ነው፤ ለሱ ግን አዲስ ነበር። የገዛበት ብር የመጣው አንድ ክረምት ሙሉ የቀን ሥራ ሠርቶ፣ አሸዋና ብሎኬት ተሸክሞ ነው። ነጭ ጫማ ነው። ነበር።

እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ኪራይ ነው፤ ግን ሳሎኑን አሳምሬዋለሁ። ግራጫ ሶፋ፣ አንድ የማያድግ ተክል፣ በሩ ጋ ደግሞ የጫማ መደርደሪያ። መደርደሪያው ላይ ካሉት ሁሉ የሚያምረው የኔ የሩጫ ጫማ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለታላቁ ሩጫ ተመዝግቤ የገዛሁት ነው። በዋዜማው ሥራ አምሽቼ ነበር መሰለኝ፣ ብቻ አልሄድኩም። ቲሸርቱን ለብሼ ተኛሁ። ጫማዬ እስካሁን ፏ እንዳለ ነው። የማይሮጥ ሰው ጫማ ምን ያቆሽሸዋል?

የሱ ግን ረቡዕም ሐሙስም እንጦጦ ወጣ። ክረምት ላይ እንጦጦ የሮጠ ሰው ያንን ቀይ ጭቃ ያውቀዋል። ሲመለስ ጫማውን በሩ ላይ ያወልቃል፣ ራሱ ያነጠፈው ጋዜጣ ላይ ያስቀምጠዋል፣ በባዶ እግሩ ይገባል። ደግሞ አያጥበውም። «አታጥበውም እንዴ?» ስለው «ይድረቅና አራግፈዋለሁ» ብቻ ነው መልሱ። ስንፍና መሰለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ቡና ሊጠጡ መጡ። ከሦስቱ አንዷ ከሌሎቹ የበለጠ እንድትመጣ የፈለግኳት ነበረች፤ ይሄን ያህል ካልኩ ይበቃል። አንዱ ሲገባ ጋዜጣው ላይ ያለውን ጫማ አየና «ይሄ ደግሞ ከየት ቁፋሮ የወጣ ነው?» ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ «የእንግዳ ነው» አልኩ።

የእንግዳ።

ወንድሜ መኝታ ቤት ነበር፤ እግሩን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ እያሳረፈ። በሩ ገርበብ ያለ ነው። ቤቱ 40 ካሬ እንኳ አይሞላም። እስካሁን ሰምቶ እንደሆን ጠይቄው አላውቅም፤ ያልጠየቅኩት መልሱን ስለማውቀው ነው።

እንግዶቹ ሄዱ። ልጁ በሶውን በጥብጦ ጠጣና በ2 ሰዓት ተኛ። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ጫማውን አየሁት። ያኔ ነው ያ የደግነት ስሜት የመጣብኝ። ነገ ጠዋት ሲነሳ ጫማው ነጭ ሆኖ ያገኘዋል፤ ደስ ይለዋል፤ እኔም ያልኩትን አልነበረም ያህል ይረሳል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ሰው ጥፋቱን በስጦታ ሲያካክስ ስጦታውን በደንብ አያስብበትም።

ያደረግኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ እናንተ እንዳታደርጉት። ውሃ በማፍያ አፈላሁና ሳፋ ውስጥ ገለበጥኩ። ሁለት እፍኝ ኦሞ በተንኩበት። ጫማውን ከነክሩ፣ ከነሶሌታው ዘፈዘፍኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳየው ውሃው ቀልቷል፣ ጫማው ግን ያው ነው። በረኪና ጨመርኩ። አንድ ክዳን ነበር ያሰብኩት፤ ለውጥ ሳጣ ሩብ ጠርሙስ አንቆረቆርኩበት። ከዚያ በወለል መፈግፈጊያው ብሩሽ፣ ያ ቢጫው ጠንካራው፣ እስኪደክመኝ ፈገፈግኩት። ነጩ ጨርቅ ወደ ብርቱካን የሚሄድ ቢጫ ሆነ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጫማ ይዤ ቆምኩ፤ ልጁ 10 ሰዓት ላይ ይነሳል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ስቶቩን ዝቅ አድርጌ ለኮስኩና ጫማውን አጠገቡ፣ ሁለት ኩባያ ላይ ደፍቼ አቆምኩት። እና ተኛሁ።

እኛ ሙያ ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ዓርብ ማታ አዲስ ኮድ ፕሮዳክሽን ላይ አይለቀቅም። ከተበላሸ የሚያስተካክል ሰው የለም፤ ለመመለስም ጊዜ የለም። ይሄን ሕግ ለጁኒየሮች የማስተምረው እኔ ነኝ። ያን ማታ ግን ውድድር ሊሮጥበት ጥቂት ሰዓት የቀረውን የሰው ንብረት፣ ያለ ባክአፕ፣ ያለ ፈቃድ፣ አንዲት መስመር እንኳ ሳላነብ ቀየርኩት። ስልኬ እጄ ላይ ነበር። መፈለግ አላሰብኩም። ጫማ ማጠብ ደግሞ ምን ይነበባል?

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሽታው ቀሰቀሰኝ። የጎማና የሙጫ ሽታ። ቀኙ ጫማ ከጣቱ በኩል አፉን ከፍቷል። በስቶቩ በኩል የነበረው የግራው ስፖንጅ ተጨማዶ አንድ ጎኑ ከሌላው አጥሯል። ጨርቁ ደርቆ እንደ ካርቶን ይንኳኳል።

10 ሰዓት ላይ ተነሳ። መብራቱን አበራ። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ጫማውን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ለመደበቅም ጊዜ አልነበረኝም።

«ጋሼ፣ ምን ሆነ?»

«ላጥብልህ ብዬ…»

ጫማውን ተቀበለኝ። የተከፈተውን አፍ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ለቀቀው፤ ተመልሶ ተከፈተ። እንደገና ተጫነው። ቢጮህብኝ ደስ ይለኝ ነበር። «እሺ» አለ ብቻ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ፊቱን ታጠበ።

በኔ ጫማ ነው የሮጠው። በዚያ ፏ ባለው። እሱ 42 ነው፣ እኔ 43 ነኝ፤ ሁለት ካልሲ ደርቦ። ደግሞ የኔ ጫማ ለመልክ የተገዛ ከባድ ጫማ ነው፤ የሩጫ ይባላል እንጂ ሲኒማ ለመሄድ ነው የሚሆነው። ሰንዳፋ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። 60 የሚሆኑ ልጆች ነበሩ፤ ክለቡ የሚወስደው የመጀመሪያዎቹን ስምንት ነው። ወንድሜ 14ኛ ወጣ። ሲገባ እያነከሰ ነበር። ካልሲውን ሲያወልቅ ተረከዙ ላይ ቆዳው ተልጦ ከካልሲው ጋር መጣ።

በኔ ጫማ ባይሮጥ ስምንት ውስጥ ይገባ ነበር ወይ? አላውቅም። ማንም አያውቅም። እሱ ታክሲ ውስጥ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ «ጋሼ፣ ጫማው ድሮም አርጅቶ ነበር። አታስብ።» አላረጀም ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ተመለሰ። ጫማውን ትቶት ሄደ። እኔም ሰኞ ከሥራ ስወጣ በፌስታል ይዤው ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ዣንጥላ ዘርግተው ወደሚቀመጡት ጫማ ሰፊ ሄድኩ። አዛውንት ናቸው፤ ለዓመታት በፊታቸው አልፌያለሁ፣ ሰላምታ እንኳ በወጉ ሰጥቼ አላውቅም። ጫማውን አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት።

«ልጄ፣ ድንች ነው እንዴ የቀቀልከው?»

ነገርኳቸው። በረኪናው ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስቶቩ ላይ ስደርስ ሳቁ። ከዚያ የተከፈተውን አፍ በቢላ ጫፍ ከፈት አድርገው ውስጡን አሳዩኝ። ስስ፣ የሚያብለጨልጭ ሽፋን አለ። «ይሄ ሙጫ ነው። ፋብሪካው ሲያጣብቀው በሙቀት አለስልሶ ነው የሚጫነው። አንተ ደግመህ ሙቀት ስትሰጠው ምን ያድርግ? ለቀቀ።»

እኔ ኢንጅነሪንግ አምስት ዓመት ተምሬያለሁ። ቁሳቁስ የሚባል ኮርስ ወስጃለሁ፤ ቢ ፕላስ ነበር ያገኘሁት። በሙቀት የተጣበቀ ነገር በሙቀት እንደሚላቀቅ ግን ዣንጥላ ሥር ተቀምጬ ነው የገባኝ።

«ይሰፋ ይሆን?» አልኳቸው።

«መስፋት ይሰፋል። ግን ይሄ ስፖንጅ ነው፤ መርፌ ሲበዛበት ይቀደዳል። በማስቲሽ ላጣብቀው እችላለሁ። ለመንገድ ይሆንሃል። ለሩጫ ግን ተወው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጠየቁኝ፤ «ልጁ እጠብልኝ ብሎህ ነበር?»

አላለኝም ነበር።

እኛ ሥራ ቦታ አንድ ሲስተም ሲወድቅ ፖስት ሞርተም እንጽፋለን። ማን አጠፋ ሳይሆን ምን ተበላሸ፣ ለምን፣ ቀጥሎ እንዳይደገም ምን ይደረግ የሚል ወረቀት ነው። ያን ሳምንት ማታ ማታ ስለ ጫማ አነበብኩ። የተረዳሁትን ልጻፈው፤ ለእናንተም ይጠቅማል፤ መኝታ ቤታችሁ በር ላይ አንድ ቆሻሻ ጫማ እንደማይጠፋ እገምታለሁ።

የሩጫ ጫማ አንድ ዕቃ አይደለም። ጸባያቸው የማይገጥም አራት አምስት ነገሮች በሙጫ ተይዘው ነው። ላይ ያለው እንደ መረብ የተሠራ ቀጭን ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። መሀል ያለው ወፍራም ስፖንጅ በብዙ ጫማዎች ኢቫ የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ውስጡ ቁጥር ስፍር የሌለው ጥቃቅን የአየር ቋት አለው። እግራችሁ መሬት ሲመታ የሚዋጠውና መልሶ የሚገፋችሁ እሱ ነው። ሙቀት ሲነካው ይለሰልሳል፤ ሲበዛበት ይኮማተራል። የግራው ጫማ ያጠረው ለዚህ ነው። ከሥር መሬት የሚነካው ጎማ ነው፤ እሱ ቻይ ነው፣ ብትፈገፍጉትም አይሞትም። ፀሐይም ቢሆን ጊዜ ወስዳ እንጂ ያንኑ ነው የምትሠራው፤ ነጩን ስፖንጅ ታባየዋለች፣ ታደርቀዋለች። ጫማ አጥቦ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ማስጣት የልጅነታችን ልማድ ነው፤ ቆርቆሮው ግን ቀትር ላይ ምጣድ ነው።

በረኪናውስ? እዚህ ላይ የባሰ አፈርኩ። ቀዩን አፈር ቀይ ያደረገው በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ በቀላሉ ዝገት በሉት። በረኪና ዝገትን አያስለቅቅም። እንዲያውም ጨርቁ ላይ አጽንቶት ሊቀር ይችላል። የሚለጠጡትን ክሮች ደግሞ ይበላቸዋል፤ ነጭ ሰው ሠራሽ ጨርቅን ያባየዋል። ስለዚህ ነጭ ላደርግበት ያፈሰስኩት ነገር ነው ቢጫ ያደረገው። (በነገራችን ላይ፣ በረኪናን ከአቼቶ ጋር ደባልቀው የሚያጥቡ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ተዉ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፤ ጫማው ቀርቶ ሳንባችሁ ነው የሚበላሸው።)

ደግሞ ልጁ «ይድረቅና አራግፈዋለሁ» ሲል ስንፍና አልነበረም። ትክክለኛው ሥራ እሱ ነው። እርጥብ ጭቃ ሲታሽ ወደ መረቡ ውስጥ ይገባል፤ የደረቀ ጭቃ ግን አብዛኛው ሁለቱን ሶል እርስ በርስ በማጋጨት ብቻ ይረግፋል። በሶሉ ጥርሶች መሀል የቀረውን በስንጥር ማውጣት ነው። ይሄ በተለይ ለዋልካ ነው። የአዲስ አበባ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ እያንዳንዱ እርምጃ ጫማውን ያከብደዋል። ሲደርቅ ግን ተሰነጣጥቆ ራሱ ይለቃል። ወንድሜ ጫማውን የሚያጸዳው ለክብደቱ እንጂ ለመልኩ አልነበረም። ለኔ ንጹህ ማለት ነጭ ማለት ነበር። ለሱ ንጹህ ማለት ቀላል ማለት ነው።

አሁን እንዴት እንደማጥብ ልንገራችሁ። ክሩን እፈታለሁ፣ ሶሌታውን አወጣለሁ፤ ሁለቱም ለብቻ ይታጠባሉ። ሳፋ ውስጥ የምይዘው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ ነው፤ እጄን ከትቼ ሙቀቱ ካልተሰማኝ ትክክል ነው። ጥቂት ጠብታ ላርጎ። ኦሞ አልጠቀምም፤ በደንብ ካልታለቀለቀ ነጭ መስመር ትቶ ጨርቁን ያደርቀዋል። ጫማውን ውሃው ውስጥ አልነክረውም፤ ብሩሹን ነው የምነክረው። ለሶሉ ጠንካራ ብሩሽ ይሆናል፤ ለላይኛው ጨርቅ ግን ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ክብ ክብ እያደረጉ፣ ልክ ሕፃን ፊት እንደማጠብ። መረቡን ሲጫኑት ክሩ ይበጠሳል፤ አንድ ክር ከተበጠሰ ቀዳዳው በሩጫው ይሰፋል። ከዚያ ሳሙናውን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ማውጣት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ የቀረው ሳሙና አቧራ እየሳበ ጫማውን ከበፊቱ ቶሎ ያቆሽሸዋል። ነጩን የስፖንጅ ጠርዝ በጥርስ ሳሙና የሚያሹ አሉ፤ ጥርስ ሳሙና ውስጥ ትንሽ ሻካራ ነገር ስላለ ይሠራል፣ ግን ለጠርዙ ብቻ ነው፤ ጨርቁ ላይ አትሞክሩት።

ማድረቁ ነው ትዕግሥት የሚፈልገው። ውስጡን ወረቀት እጠቀጥቅበታለሁ። ጋዜጣ ውሃ በደንብ ይመጣል፤ ነጭ ጫማ ከሆነ ግን ቀለሙ እንዳይጋባበት መጀመሪያ በሶፍት እጠቀልለዋለሁ። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የረጠበውን አውጥቶ በደረቅ መቀየር። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ የሚያገኝበት፤ የኔ በረንዳ ላይ፣ የጎረቤት እንጀራ ምጣድ ከሚሞቅበት ግድግዳ ራቅ አድርጌ። በጋ ላይ አንድ ቀን ይበቃዋል። ክረምት ላይ ሁለት ቀን። የፀጉር ማድረቂያ፣ ስቶቭ፣ ከሰል፣ የመኪና ዳሽቦርድ፤ ሁሉም አይሆንም። ነገ ውድድር ካለ ዛሬ ማታ አይታጠብም። በቃ። ሽታው ካስቸገረ ደረቁ ሶሌታ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ አሳድሮ ማራገፍ ይረዳል። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ የሚያጥቡና ምንም ያልሆነባቸው ሰዎች አውቃለሁ። እኔ አላደርገውም። እኔ ዕድሌን አንዴ ሞክሬያለሁ።

ጥቅምት ላይ ስልክ ደወልኩለት። ጫማ ልገዛልህ ነው፣ ቁጥሩን ልክ ንገረኝ አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራኝ፤ ስለ ትዕግሥት አሰፋ። መስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:11:53 ስትጨርስ የነበረው ቪዲዮ ስልኩ ላይ አለ፤ የሴቶቹን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ነው ያሻሻለችው። ጫማውን አውልቃ ወደ ላይ ያነሳችበትን ቦታ ደጋግሞ ያየዋል። ያ የአዲዳስ ጫማ አንዱ 138 ግራም ብቻ ነው የሚመዝነው፤ ሲወጣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፣ የተሠራውም ለአንድ ማራቶንና ትንሽ ለመለማመጃ ያህል ነው።

«ታዲያ እሱ ጫማ መታጠብም አያስፈልገው» አልኩት፣ ልቀልድ ብዬ።

«አዎ» አለ። «እነሱ አንዴ ሮጠውበት ይተዉታል። እኔ ደግሞ የተዉትን እገዛለሁ። ስለዚህ ጋሼ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ዕድሜው ግማሽ ነው። እኔ ነኝ ማቆየት ያለብኝ።»

ያን ማታ ያጠፋሁትን ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር አየሁት። እኔ አንድ ጥንድ ጫማ ያበላሸሁ መስሎኝ ነበር። ለሱ ግን የተቆጠረ ኪሎ ሜትር ነው፤ የቀረውን እያንዳንዱን ሩጫ አስልቶ ነበር የመጣው፤ ለእንጦጦ ሁለቴ፣ ለሰንዳፋ አንዴ። አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የመጣው ለዚህ ነው።

ገዛሁለት። አዲስ አይደለም፤ አዲሱን አልቻልኩትም። እንደ እሱ ከሯጭ ላይ ገዛሁ፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠበት ጠይቄ፣ ሶሉን በጣቴ ተጭኜ፣ ጠርዙ ላይ ሙጫው መልቀቅ አለመልቀቁን እንደ ጫማ ሰፊው በብርሃን አይቼ። የላክሁለት ቀን «ደርሷል» ብቻ ብሎ ጻፈ። ከሳምንት በኋላ አንድ ፎቶ ላከ፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ሌላ ቃል የለውም።

ይቅርታ ጠይቄዋለሁ? ለጫማው አዎ። «የእንግዳ ነው» ላልኩት እስከ ዘንድሮ ሰኔ ድረስ አልጠየቅኩም ነበር። ሰኔ ላይ ለሌላ ማጣሪያ መጣ። ያረፈው እኔ ጋ ነው። የመጀመሪያው ቀን ማታ ጫማውን በሩ ላይ አጣሁት። መኝታ ቤት ስገባ ፌስታል ውስጥ ጠቅልሎ ራስጌው አድርጎታል። እኔን ፈርቶ ነው። አልሳቅኩም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ስለዚያ ቅዳሜ ከሰዓት አወራሁት፤ ስለ ባልደረቦቼ፣ ስለ ሳቁ፣ ስለ ቃሏ። ጣሪያውን እያየ ሰማኝ።

«ሰምቻለሁ» አለ። «እኔም እኮ አሠልጣኜ ያንተን ፎቶ አይቶ ማነው ሲለኝ፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችን ነው ብዬዋለሁ። ሀብታም ወንድም አለህ ብሎ መዋጮ እንዳይጨምርብኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን። እውነቱን ይሁን እኔን ለማሳረፍ ይሁን እስካሁን አልለየሁም። እሱ ያው ነው፤ «ጫማው ድሮም አርጅቶ ነበር» ያለኝ ልጅ ነው።

ይሄን የምጽፈው ዓርብ ማታ ነው። ማጣሪያው እሑድ ሳይሆን የሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ጊዜ አለ። ዛሬ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ስለዋለ ከእንጦጦ ሲመለስ እሱም ጫማውም አንድ ዓይነት ቀለም ነበሩ። በሩ ላይ አወለቀው፤ ጋዜጣው ላይ አስቀመጠው። ፌስታሉን አላመጣም። ሊተኛ ሲል በሩን ገርበብ አድርጎ «ጋሼ፣ ከደረቀ በኋላ አንተ ታራግፍልኛለህ?» አለኝ።

አሁን ሄጄ በጣቴ ነካሁት። ገና እርጥብ ነው። እስከ ነገ ከሰዓት መቆየት አለበት።